የእጥበት ክፍል ጎረቤቴ

ኩላሊቴ ሥራውን ካቆመ በኋላ ከሁሉም አብልጦ የናፈቀኝ ውሃ ነው። ሰው ሲናፍቅ አውቃለሁ፣ ቤት ሲናፍቅም አውቃለሁ፤ ውሃ ይናፍቃል ብሎ አስቀድሞ የነገረኝ ግን አልነበረም። ኩላሊት ካልሠራ ሽንት የለም፤ ሽንት ከሌለ የጠጡት ሁሉ መውጫ ያጣና እግር ላይ፣ ከዚያም ሳንባ ላይ ይጠራቀማል። ስለዚህ ውሃ እንደ መድኃኒት ተለክቶ ነው የሚጠጣው። ከሲያትል በስተደቡብ፣ ስካይዌይ በሚባለው ሰፈር ባለው አፓርትመንቴ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ፣ ውጭ ዝናቡ ሲንዠቀዠቅ እያየሁ፣ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቆ አንዲት ቁራጭ በረዶ አፌ ውስጥ አገላብጣለሁ። ልጄ ከሥራ ስትደውል "እንዴት ዋልሽ" ከማለቷ በፊት "ማሚ፣ ዛሬ ምን ያህል ጠጣሽ?" ትለኛለች። እኔም "ትንሽ ነው፣ በጣም ትንሽ" እያልኩ እዋሻታለሁ።

ከዚያ በፊት ብዙ ዓመት መሀል ከተማ አንድ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ሠርቻለሁ። አንሶላ ከማሽን ማውጣት፣ መተኮስ፣ ማጠፍ ነበር ሥራዬ። ደም ግፊት እንዳለብኝ የተነገረኝ ልጄ ገና ሃይስኩል ሳለች ነው። ክኒኑን እውጣለሁ። ኢንሹራንሱ ሲቀየር ሐኪሙም ይቀየራል፤ አዲሱ ሐኪም ደም ያስመረምርና "ኩላሊትሽ ትንሽ ደከም ብሏል፣ ግን አያሰጋም" ይለኛል። በሚቀጥለው ዓመትም አያሰጋም። እኔ ከእነሱ በላይ ላውቅ ነው? ደስ ብሎኝ ወደ አንሶላዬ እመለሳለሁ።

አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የአፓርትመንቱ ደረጃ መሀል ላይ ትንፋሼ ተቆረጠ። እግሬ አብጦ ጫማዬ አልወልቅ ብሏል። ልጄ አምቡላንስ ጠራች። ሆስፒታል ውስጥ ስነቃ አንገቴ ላይ ቱቦ ተተክሏል፣ ደሜ እየወጣ ማሽን ውስጥ ዞሮ ይመለሳል። ሐኪሙ ሁለቱም ኩላሊቶቼ ማለቃቸውን ነገረኝ።

"አያሰጋም ተብዬ ነበር እኮ" አልኩት።

ኮምፒውተሩን አየ፤ እኔን ግን ቀና ብሎ አላየኝም።

እንዲህ ሆኜ የኩላሊት እጥበት ደንበኛ ሆንኩ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ቫን መጥቶ ይወስደኛል። ክሊኒኩ በደቡቡ የከተማው ክፍል፣ በአንድ ጎማ ቤትና በአንድ ፋርማሲ መካከል ነው። ውስጡ ወደ ኋላ የሚዘረጉ ትላልቅ ወንበሮች ግድግዳውን ታከው ተደርድረዋል፤ ከእያንዳንዱ ወንበር ጎን አንድ ማሽን አለ። ደም ወጥቶ ሲመለስ ሰውነት ይበርደዋል፤ ስለዚህ ሁሉም ሰው ብርድ ልብሱን ከቤቱ ይዞ ይመጣል። ዙሪያዬን ሳይ ጥቁር አሜሪካውያን፣ ሶማሌዎች፣ ፊሊፒኖዎች፣ ሳሞአውያን፣ ከእኛም ሁለት ሦስት ሰዎች አሉ። ነጭ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ። ያኔ ይህ አልገረመኝም። ሰፈሩ እንደዚያ ነው ብዬ አለፍኩት።

የመጀመሪያው ቀን ወፋፍራም መርፌዎቹ ክንዴ ውስጥ ሲገቡ እያየሁ ማልቀስ ጀመርኩ። ከቀኝ በኩል ካለው ወንበር አንድ ሻካራ ድምፅ መጣ።

"መርፌውን አትመልከቺ። እኔን ተመልከቺ።"

ዞር አልኩ። ሰባውን ያለፉ ጥቁር አሜሪካዊት እናት ናቸው። ቀኝ እግራቸው ከጉልበት በታች የለም፤ ዊልቼራቸው ከወንበሩ ጎን ቆሟል። አንድ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ሰክተው የቤዝቦል ጨዋታ ይሰማሉ፤ ነጥብ በተቆጠረ ቁጥር ማንም ሳይጠይቃቸው ለክፍሉ በሙሉ ያውጃሉ።

"ከየት ነሽ?" አሉኝ።

"ከኢትዮጵያ።"

"እኔ ከሉዊዚያና። ሁለታችንም ርቀን የመጣነው ለዚህች ወንበር ነው ማለት ነው።"

እያለቀስኩ ሳቅሁ። እሳቸው ልጅ ሳሉ አባታቸው ፋብሪካ ሥራ ፍለጋ ቤተሰቡን ይዘው ወደ ሲያትል መጡ። ካደጉ በኋላ ቢጫውን የተማሪዎች አውቶቡስ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ነድተዋል። በስኳር በሽታ መጀመሪያ ጣታቸው፣ ከዚያ እግራቸው ሄደ። ከእግሬ ይልቅ መሪው ይናፍቀኛል ይሉኝ ነበር። "እግር ምን ያደርጋል? እኔ ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝ። የቀኝ እግር ግን ፍሬን ይይዛል" ይሉኛል።

እንግሊዝኛ አንቱ የለውም። እኔ ግን በልቤ አንቱ እያልኳቸው ነበር የማወራቸው። አንድ ቀን ሳላስበው "እማማ" ብዬ ጠራኋቸው። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። "በዚያው ቀጥዪ" አሉኝ።

ወንበሩ ላይ ለሰዓታት ስንቀመጥ የምናወራው በአብዛኛው የተከለከልነውን ምግብ ነበር። ለእኔ ምስር ተከልክሏል፣ ሙዝ ተከልክሏል፣ ድንችም እንደልብ አይበላም። በጾም ወቅት ምን እንደምበላ ግራ ይገባኝ ነበር። ሁለታችንም ከሁሉ በላይ የምንመኘው ግን አንድ ነገር ሆኖ ተገኘ፤ ጎመን። እሳቸው ጎመኑን ከተጨሰ የተርኪ ዶሮ ሥጋ ጋር ግማሽ ቀን ይቀቅላሉ። እኔ በሽንኩርትና በዝንጅብል ቶሎ አውጥቼ እበላለሁ።

"ያ ጥሬ ነው!" ይሉኛል።

"የእርስዎ ደግሞ ገንፎ ነው" እላቸዋለሁ።

የምታጥበን ነርስ "ሁለታችሁም አትበሉም፣ ለምን ትጣላላችሁ?" ትለናለች።

አንድ ሳምንት ክሊኒካችን ውስጥ የውሃ ቧንቧ ፈነዳ። እጥበት ያለ ውሃ አይሆንም። ቧንቧው እስኪጠገን ከከተማው በስተሰሜን ሾርላይን ወደሚገኝ ሌላ ክሊኒክ ላኩን። እኔንና እማማን አንድ ቫን ጫነን፤ ሀይዌዩ ተጨናንቆ ብዙ ቆየን። ስንደርስ ክፍሉ ከእኛው ጋር አንድ ነው፤ ወንበሩም ማሽኑም አይለይም። ሰዎቹ ናቸው የተለዩት። አብዛኞቹ ነጮች ናቸው፣ በዕድሜ ከእኛ ይበልጣሉ፣ ብዙዎቹም በእግራቸው ነው የሚገቡት። ከጎኔ የተቀመጡት ቀጭን አሮጊት ከባለቤታቸው ጋር ነው የመጡት፤ ሽማግሌው ጋዜጣ አንብበውላቸው፣ ግንባራቸውን ስመው ሄዱ።

ደግ ሴት ነበሩ። ብርድ ልብሴ ሲንሸራተት እጃቸውን ዘርግተው አስተካከሉልኝ። ስኳር ካለባቸው ከአርባ ዓመት በላይ እንደሆነ አጫወቱኝ። ከዚያ "ንቅለ ተከላውን መቼ ነው የምትጠብቂው?" አሉኝ።

"የምን ንቅለ ተከላ?"

"ኩላሊት ነዋ። የወረፋው ዝርዝር ውስጥ አልገባሽም?"

ማንም እንዳልነገረኝ ስገልጽላቸው አላመኑኝም። የእሳቸው ሐኪም ገና ኩላሊታቸው ሳያልቅ ወደ ኩላሊት ስፔሻሊስት ልኳቸዋል። ስፔሻሊስቱ ደግሞ ገና እጥበት ሳይጀምሩ አስመዝግቧቸዋል። የወንድማቸው ልጅ ልትሰጣቸው ምርመራ ላይ ናት። እዚህ የሚመጡት እስከዚያው ነው። "ሐኪምሽን ጠይቂው። ዛሬውኑ ጠይቂው" አሉኝ። ከልባቸው ነበር።

ስንመለስ እማማ ቫኑ ውስጥ ቤዝቦሉን አልከፈቱም። ከተማውን አልፈን ወደ ደቡብ ስንወርድ ብቻ "ሴትየዋን አየሻት?" አሉኝ።

"አየኋቸው።"

"ስኳሯ ከእኔ ስኳር የቆየ ነው። ሁለቱም እግሯ አለ።"



በሚቀጥለው ሳምንት ቧንቧው ተጠግኖ ወደ ቦታችን ተመለስን። በየጊዜው ወንበር ለወንበር እየዞረች የምታየን አንዲት ወጣት የኩላሊት ሐኪም ነበረች፤ ወደ እኛ ስትመጣ እማማ እጇን ያዟት።

"እኛ ለምን ዝርዝሩ ውስጥ የለንም?" አሏት።

ሐኪሟ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሐኪም ሲቀመጥ አይቼ ስለማላውቅ ደነገጥኩ። ለብዙ ዓመት የኩላሊት ጥንካሬ የሚሰላበት ቀመር ነበር አለችን። ደም ይወሰዳል፣ ዕድሜና ፆታ ይገባል፤ ከዚያ ሰውየው ጥቁር ከሆነ ውጤቱ ከፍ ተደርጎ ይጻፋል። የጥቁር ሰው ጡንቻ ይበልጣል ተብሎ ስለታሰበ ነው። በዚህ ምክንያት የተጎዳ ኩላሊት ወረቀት ላይ ሻል ያለ ይመስላል፤ በሽተኛውም ወደ ስፔሻሊስት የሚላከው፣ የሚመዘገበውም ዘግይቶ ነው። አሁን ያ ቀርቷል አለች። በዚህ ምክንያት ዘግይተው ለተመዘገቡ ጥቁሮችም ያለፈባቸው ጊዜ ወረፋ እንደጠበቁበት እንዲቆጠርላቸው ተወስኗል። "ለሁለታችሁም እጠይቃለሁ። ቀመሩ ግን ሁሉንም አያስረዳም። ከዚያ በፊትም ሊነግሯችሁ ይገባ ነበር" አለች።

"እኔ ኢትዮጵያዊት ነኝ እኮ" አልኳት። ለምን እንዳልኩ አላውቅም።

"ፋይልዎ ላይ የተሞላው 'ጥቁር' የሚለው ነው።"

እማማ ወደ እኔ ዞሩ። "እንኳን ወደ ቤተሰቡ በደህና መጣሽ" አሉኝ። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ፤ ማሽናቸው ጩኸት እስኪያሰማ ሳቁ። "ዕድሜዬን ሙሉ ጥቁር በመሆኔ ሲቀንሱብኝ ኖሩ። አንድ ጊዜ ጨመሩልኝ፣ እሱም ይኸውላችሁ!"

ሐኪሟ አልሳቀችም። ዓይኗ ቀልቶ ተነሥታ ሄደች።

ከዚያ ለንቅለ ተከላው የምርመራው ወራት መጣ። ልብ፣ ሳንባ፣ ጥርስ ሳይቀር ታየ። ልጄ የራሷን ኩላሊት ልትሰጠኝ ሄዳ ተመረመረች፤ እኔን ሳታማክር። የሷም ደም ግፊት ከፍ ብሎ ስለተገኘ አይሆንም አሏት። ሌክ ሲቲ ሰፈር ካለው ቤቷ ደውላ ስትነግረኝ በእንግሊዝኛ ነበር የምታወራው፤ ስትደነግጥ አማርኛው ይጠፋባታል። "ሶሪ ማሚ፣ ሶሪ" ስትል አንጀቴን በላችው። የራሷ ግፊት ከእኔ ኩላሊት በላይ እንደሚያሳስበኝ ብነግራትም አልሰማችኝም።

እማማ ውጤታቸውን የሰሙት ከእኔ ቀድመው ነው። አንድ ረቡዕ ጨዋታቸውን እያዳመጡ፣ ማዳመጫውን ሳያወልቁ ነገሩኝ።

"ልቤ ቀዶ ጥገናውን አይችልም አሉ።"

"ሌላ ሐኪም እንጠይቅ፣ እማማ።"

"ጠይቄያለሁ። ከጥቂት ዓመት በፊት ቢሆን ይችል ነበር አሉኝ።" ማዳመጫውን አስተካከሉ። "ይህን ለምን እንደነገሩኝ አላውቅም። ዝም ቢሉ ምን ነበረበት?"

እጄ መርፌው ያለበት ስለነበር ዘርግቼ ልይዛቸው አልቻልኩም። የወንበሮቻችን ርቀት ትንሽ ነው፤ ያን ቀን ግን አልደረስኩባቸውም።

ለእኔ የተደወለልኝ ከወራት በኋላ፣ ከሰዓት በኋላ ልብስ እያጣጠፍኩ ሳለ ነው። ኩላሊት ተገኝቷል፣ ምንም ሳትበዪ ቶሎ ነይ አሉኝ። አንድ የማላውቀው ሰው ሞቶ፣ ቤተሰቡ እያለቀሰ ፈቅዶልኛል።  ልጄ መኪናዋን ይዛ እስክትመጣ ለእማማ ደወልኩ።

"ተደወለልኝ" አልኳቸው።

"ታዲያ እኔ ጋ ምን ትሠሪያለሽ? ሂጂ!"

"እማማ፣ ከእኔ በፊት ለእርስዎ ነበር የሚገባው።"

"ስሚኝ" አሉኝ፤ ድምፃቸው ጠንከር አለ። "ሂጂና ለሁለታችንም ሽንትሽን ሽኚ።"

ቀዶ ጥገናው በደህና አለፈ። ስነቃ አልጋዬ ጎን በተንጠለጠለው ከረጢት ውስጥ ሽንት አየሁ፤ የራሴ ሽንት። ነርሷ በጆግ ውሃ አምጥታ "አሁን ብዙ መጠጣት አለብዎት" አለችኝ። ኩባያውን በሁለት እጄ ይዤ ለረጅም ጊዜ ሳልጠጣው ቆየሁ። ከዚያ ጠጣሁት። ቀዝቃዛው ውሃ በደረቴ ሲወርድ እስከ ሆዴ ድረስ ተከተልኩት። ልጄ ከጎኔ ቆማ ታለቅስ ነበር።

መድኃኒቱ ሰውነቴን ለበሽታ ስለሚያጋልጠው ለወራት ሰው ወዳለበት እንዳልሄድ ተከለከልኩ። ከእማማ ጋር በስልክ ነበር የምንገናኘው። ወንበር ላይ ሆነው ይደውሉልኛል፤ ከኋላ የማሽኖቹ ድምፅ ይሰማኛል። በእኔ ቦታ አንድ ሰውዬ ገብቷል፣ ያንኮራፋል፣ ቤዝቦል አይወድም ይሉኛል። አንዳንዴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጠይቁኛል።

"ዛሬ ምን ጠጣሽ?"

መጀመሪያ መናገሩን አፍር ነበር። ርዕስ ስቀይር ተቆጡኝ። "ንገሪኝ እንጂ" አሉ። ስለዚህ እነግራቸዋለሁ። ጠዋት ሁለት ብርጭቆ ከቧንቧው፣ ቀኑን ደግሞ ሎሚ የተጨመቀበት በረዶ ያለው።  ትንፋሻቸው ብቻ ይሰማኛል። ስጨርስ "እሺ፣ ጥሩ ነው" ይላሉ። እኔ ስልኩን ዘግቼ ያስቀመጥኩትን ብርጭቆ አልነካውም።

በሚቀጥለው ጸደይ የቀረው እግራቸው ቆሰለ። ሐኪሞቹ ይቆረጥ አሉ። እማማ እምቢ አሉ፤ እጥበቱንም በቃኝ ብለው አቆሙ። ልጃቸው፣ እኔ የማውቀው በድምፅ ብቻ የነበረ ጎልማሳ፣ ደውሎ "እናቴ አንቺን ትፈልግሻለች" አለኝ። እጥበት ካቆሙ የሚኖራቸው ጊዜ አጭር መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። በማግስቱ ከልጄ ጋር ሄድን። እኔ የምላቸው ቃል ሳዘጋጅ ነበር መንገዱን የጨረስኩት፤ እሳቸው ግን ኮት ለብሰው ዊልቼራቸው ላይ ጠበቁን።

"መኪና አላችሁ አይደል?" አሉ። "መስመሬን ማየት እፈልጋለሁ።"

የአውቶቡስ መስመራቸውን ማለታቸው ነው። ልጃቸው አቅፎ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ልጄ ነዳች፣ እሳቸው መሩ። "እዚህ ግራ። ቀስ በይ፣ እዚህ ጋ መንታዎች ነበሩኝ፤ አንደኛው ሁልጊዜ ጫማውን በእጁ ይዞ ነው የሚወጣው።" ልጄ ከልቧ ትታዘዛቸዋለች። ብዙዎቹ ትንንሽ ቤቶች ፈርሰው ረጃጅም አፓርትመንቶች ተሠርተዋል፤ እማማ ግን ህንፃዎቹን አላዩም። ቤቶቹ የነበሩበትን ነበር የሚያዩት። "ይህቺ ልጅ ታለቅስብኝ ነበር። ከኋላዬ አስቀምጬ ዘፈን አዘፍናት ነበር" አሉ። ሐይቁ ሲታየን ልጄን ፓርክ አድርጊ አሏት። መስኮቱን አስወርደው ብዙ ቆየን። ሲደክማቸው እጄን ያዙ፤ በዚህ ጊዜ በመካከላችን ማሽን አልነበረም።

"ሁሉንም በሰላም አድርሻቸዋለሁ" አሉኝ። "አንድም ልጅ አልጎዳሁም።"

ሳምንት አልሞላቸውም። ቀብራቸው ላይ እኔና ልጄ ከኋላ ቆምን። የማናውቃቸው ትላልቅ ሰዎች እየመጡ "በልጅነቴ አውቶቡሷ ውስጥ ነበርኩ" ይላሉ። የልብሴን ጫፍ ነክሼ አለቀስኩ። አጠገቤ የነበረች ሴት "ዘመድ ነሽ?" ስትለኝ "አዎ" አልኳት።

ልጄን ደም ግፊቷን እንድትታይ ለማሳመን ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። "አይ አም ፋይን፣ ማሚ" ትላለች። ባለፈው ወር ግን አብሬያት ሐኪም ቤት ገባሁ። ሐኪሙ የደም ውጤቷን አይቶ "ኩላሊቷ አያሰጋም" ሲል ከመቀመጫዬ ተነሣሁ።

"ቁጥሩ በየትኛው ቀመር ነው የተሰላው?" አልኩት። "ካቻምናስ ስንት ነበር? ከዚያ በፊትስ?"

ልጄ አፍራ እጄን ሳበችኝ። እኔ አልተቀመጥኩም። ሐኪሙ ስክሪኑን አዞረልንና አንድ በአንድ አሳየን፤ አሁን በአዲሱ ቀመር ነው የሚሰላው። ቁጥሩ ደህና ነው። ቢሆንም ለግፊቷ ክኒን አስጀመራት፣ በየስንት ጊዜውም እንደምትመረመር ጽፎ ሰጣት። መኪናዋ ውስጥ ከገባን በኋላ ልጄ ሞተሩን ሳታስነሣ ተቀመጠች።

"ማሚ፣ እንደዚህ መናገር መቼ ጀመርሽ?" አለችኝ።

ልነግራት ጀመርኩ። 

አሁን ደህና ነኝ። መድኃኒቴን በሰዓቱ እወስዳለሁ፣ ጎረቤቶቼ መልክሽ ተመለሰ ይሉኛል። ዓርብ ጠዋት ግን ከእንቅልፌ ስነሣ የምሄድበት ያለኝ ይመስለኛል። ቡናዬን ይዤ የክሊኒኩ ቫን ሌሎችን ሊወስድ ሲያልፍ በመስኮት አየዋለሁ። ያንን ክፍል፣ ያንን ብርድና ያንን መርፌ ማንም ሰው አይናፍቅም። እኔ ግን ይናፍቀኛል፤ ወደ ጎኔ ዞር ስል እሳቸውን የማገኝበት ሌላ ቦታ የለኝም።